ማታ በጀልባ በባላርድ ቦይ

ኖርዝጌት የሚኖር ወገን እንግዳ ሲመጣበት የት ልውሰደው ብሎ ይጨነቃል። ባላርድ ቅርብ ነው። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከሥራ መልስ በጀልባ ቦዩን ለማየት ጊዜ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀው የባላርድ የውሃ በር ጀልባውን ከጨዋማው ባሕር አንስቶ ከሐይቁ ከፍታ ያደርሰዋል። ቆሞ ለሚመለከት በነፃ ነው።

ውበቱ ግን ዋጋ ተከፍሎበታል። በ1916 የሌክ ዋሽንግተን ውሃ ወደ ቦዩ ሲለቀቅ ሐይቁ 9 ጫማ ያህል ዝቅ አለ። በሬንተን በኩል ይወጣ የነበረው ብላክ ሪቨር ደረቀ፤ የዱዋሚሽ ሕዝብም ሳልሞን የሚያጠምድበትን ወንዝ አጣ። ጢስ ዓባይን የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ሲጠለፍ የፏፏቴው ግርማ ቀንሷል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሳፈሩ የሁለቱንም ወንዞች ታሪክ ንገሯቸው። መልካም ጉዞ!