ጣሪያችን ምን ይሸከማል?

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የሄደ ሁሉ ደጀንን ያውቃታል። ጎሃ ጽዮን ላይ ፍሬኑን የፈተሸ ሹፌር ጠመዝማዛውን መንገድ ቁልቁል ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ትንፋሹን የሚሰበስበው ደጀን ላይ ነው። ለአብዛኛው መንገደኛ ደጀን ማለት ቁርስና ሻይ ናት። እኛ ግን ዛሬ ሻይ ቤቷን አልፈን ወደ ፋብሪካ ልንወስዳችሁ ነው። ፋብሪካ ገብታችሁም ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እንድታዩልን እንፈልጋለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በልዩ ልዩ ድንጋይ የተደረበ ነው። ከአናቱ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ጂፕሰም አለ። ሲሚንቶ ከሚፈልጋቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ አንድ ገደል ላይ ተደርድረዋል ማለት ነው። የአባይ ኢንዱስትሪ ልማት አክሲዮን ማህበር ለሲሚንቶ ፋብሪካው ደጀንን ሲመርጥ ያለ ነገር አልነበረም።

ድንጋዩ ግን በራሱ አይሄድም። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው በሰው ራስ ላይ የሚያልፈው ረጅም ዋሻ መሰል ነገር ድንጋይ የሚያመላልስ የጎማ ቀበቶ የተሸፈነበት ነው። የተፈጨ ድንጋይ በለስላሳ ቀበቶ ላይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ካዘነበለ በኋላ መልሶ መንከባለል ይጀምራል። ስለዚህ ድንጋዩን 30 ሜትር ከፍ ለማድረግ በ15 ዲግሪ 112 ሜትር ያህል መሬት ያስፈልጋል። ከሩቅ ስታዩት ርዝመቱ ትርፍ ይመስላል፤ ግን ድንጋዩ ራሱ ያዘዘው ርዝመት ነው።

ቁራጭ ዕቃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ከጣሪያ ሥር ሃዲድ ይዘረጋል፣ በሃዲዱ ላይ ሰንሰለት ይሄዳል፣ ከሰንሰለቱ መንጠቆ ይንጠለጠላል። ዕቃው በአየር ላይ እየሄደ ይታጠባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይደርቃል፤ ወለሉ ለሰው ይለቀቃል። የቄራ ቤት ሥጋም የሚሄደው በዚሁ ዓይነት ሃዲድ ላይ ነው። ሄንሪ ፎርድም በ1913 እ.ኤ.አ. ላስጀመረው ተንቀሳቃሽ የመኪና መገጣጠሚያ መስመር ሐሳቡ የመጣው ከቺካጎ ቄራዎች የላይ ሃዲድ መሆኑን በመጽሐፉ ጽፏል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ተንጠልጣይ ኮንቬየር የዚህ ተረት ሒሳብ ነው። የሚሠራው ሰው ሥራ ሸክሙን ለመንጠቆዎች ማከፋፈል ነው።

እስቲ እናስላው። የብረት ወንበር ቀለም የሚቀባ ፋብሪካ አለ እንበል። መንጠቆዎቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተሰቅለው ሰንሰለቱ በደቂቃ 3 ሜትር ቢሄድ፣ በደቂቃ 5፣ በሰዓት 300 ወንበር ያልፋል። ቀለሙ ምድጃ ውስጥ 20 ደቂቃ መቆየት ካለበት፣ ምድጃው 60 ሜትር ሰንሰለት መያዝ አለበት፤ ያ ርዝመት ካልተገኘ ሰንሰለቱ ምድጃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። አሁን ደግሞ ሰንሰለቱ በ45 ዲግሪ ሽቅብ ይውጣ። መንጠቆዎቹ ወደ መሬት ቀጥ ብለው ስለሚንጠለጠሉ በመካከላቸው ያለው የጎን ርቀት ከ60 ወደ 42 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ወንበሩ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ሜዳው ላይ በሰላም የሄደው ዕቃ ዳገቱ ላይ እርስ በርሱ ይፋጫል። ይህን ለማወቅ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል። ሳይሰላ የተገዛ መስመር ግን አዲሱን ቀለም ዳገቱ ላይ ሲፍቀው ይውላል።

ዛሬ የምንከራከረውም ለዚህ ነው። ማሽን ከውጭ መግዛት ነውር የለውም። ንድፉን ግን ከካታሎግ ጋር አብሮ መግዛት አይቻልም፤ ካታሎጉ ደጀንን አያውቃትምና።

ካታሎጉ ከፍታዋን አያውቅም። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ትላለች። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የተጻፈው ጉልበት ግን እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ወይ ትልቅ ሞተር መምረጥ፣ ወይ ከሞተሩ የሚጠበቀውን ሥራ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ያልታሰበበት ሞተር ሲቃጠል ጥፋቱ «አጠቃቀም አለማወቅ» እየተባለ በኦፕሬተሩ ይላከካል።

ካታሎጉ ጣሪያችንንም አያውቅም። ከላይ ያሰላነው መስመር 120 ሜትር ቢሆን 200 መንጠቆ ይኖረዋል። ወንበሩ ከነመንጠቆው 10 ኪሎ ቢመዝን፣ ሃዲዱና ሰንሰለቱ ሳይቆጠሩ 2 ቶን ከላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ቆርቆሮና ነፋስ ብቻ እንዲችል የተሠራ የመጋዘን ጣሪያ ይህን እንዲሸከም መጠበቅ የዋህነት ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ለመስመሩ ለብቻው ከወለል የሚነሱ ምሰሶዎች ማቆም ነው። ግን ይህም ሕንጻው ከመሠራቱ በፊት ቢታሰብ ርካሽ፣ ከተሠራ በኋላ ሲታሰብ ውድ ነው።

መብራት መጥፋቱንም አያውቅም። መብራት ሲሄድ ምድጃ ውስጥ ያለው ዕቃ እዚያው ይቀራል፣ ዳገት ላይ ያለው ጭነት ደግሞ ወደ ኋላ ልመለስ ይላል። ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለቱ ላይ ሰንሰለቱን የሚይዝ ማገጃ፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ከሥር የሽቦ መረብ፣ ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ማቆሚያ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውለው ግን ንድፉ ነው።

ደጀን ራሷ ይህን ትምህርት ደጋግማ አስተምራለች። የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት መንገዱ ይሰነጠቃል። የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የመሬቱን እንቅስቃሴ እየለኩ ማጥናት ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። ሌላ አገር የሠራ ዘዴ እዚህ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው እዚሁ ሲለካ ነው።

ታሪክም ሌላ ነገር ይነግረናል። ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ አስመራ ከ71 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የገመድ መንገድ ዘርግቶ በተራራ አናት ላይ ጭነት ያመላልስ ነበር። በዘመኑ ከዓለም ረጃጅሞቹ አንዱ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ እንግሊዝ ተረከበችው፣ በኋላም ነቃቀለችው። የታቀደው ለወራሪው ጥቅም ነበር፣ የጠፋውም ባለአገሩ ሳይጠየቅ ነው።

«አገሩ ሥራ ባጣ ወጣት ተሞልቶ ሸክሙን ለሰንሰለት ስጡት ትላላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መስመር ሲገባ ዕቃ በትከሻው የሚያመላልስ ሰው እንጀራው ሊነካ ይችላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መስመሩ እዚህ ከተነደፈ ምሰሶውን የሚበይድ፣ መንጠቆውን የሚያጥፍ፣ ኩሽኔታውን የሚቀይር፣ ሰንሰለቱን ዘይት የሚያጠጣ ሰው ይፈልጋል። ተሸካሚው መጀመሪያ መሠልጠን ያለበት ለእነዚህ ሥራዎች ነው። ንድፉ ከነመለዋወጫው ከውጭ ከመጣ ግን ተሸካሚው ሥራውን ያጣል፣ ፋብሪካውም በአንዲት ኩሽኔታ ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቃል። ያኔ ሁለቱም ከሰሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ካየው መከራ አንጻር ስለ መንጠቆና ሰንሰለት ማውራት ቅንጦት የሚመስለውም ይኖራል። እኛ አይመስለንም። ጠመንጃ ዝም ባለ ቀን ወጣቱን የሚቀበለው ሥራ አስቀድሞ ካልታሰበበት በዚያው ቀን አይገኝም።

ጥያቄያችን ትንሽ ናት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለደጀን ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳርም ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት የቴክኒክ ባለሙያ አፍርታለች። የመመረቂያ ሥራቸውን የሚሠሩ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች መደርደሪያ ላይ ለሚቀር ወረቀት ሲደክሙ ከሚከርሙ፣ ፋብሪካዎች በራቸውን ይክፈቱላቸው። ሜትር ይዘው ይግቡ፣ ጣሪያውን ይለኩ፣ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ይመዝግቡ፣ ተሸካሚዎቹን ወገባችሁን የት ያማችኋል ብለው ይጠይቁ። ፋብሪካ ሲመረቅም ዜናው ካፒታሉንና የምርት አቅሙን ከነገረን በኋላ አንዲት ጥያቄ ይጨምርልን፤ ይህን መስመር ማን ነደፈው?

መልሱ የአንድ ኢትዮጵያዊት ወይም ኢትዮጵያዊ ስም የሆነ ቀን፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውም ከዚያው ሰፈር ይገኛል።