የማይስቅ አድማጭ፦ እንግሊዝኛን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር መለማመድ

ከስቶክሆልም መሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ሪንከቢ፣ ቴንስታ፣ ሁስቢና ሺስታ የሚዘልቀው የምድር ውስጥ ባቡር ሰማያዊው መስመር ይባላል። ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩት በእነዚህ ሠፈሮች ነው። በዚህ ባቡር ውስጥ ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከስልኩ ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገር ሰው ቢታይ ዛሬ የሚያስደንቅ አይደለም። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ግን ዘመድ ወይም መምህር ላይሆን ይችላል። ቀጣሪ መስሎ የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ፣ ስሕተት የሚያርም፣ «እንደገና» ሲባል ሳይሰለች እንደገና የሚጀምር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

የአገሩ ቋንቋ ስዊድንኛ ሆኖ ሳለ በስቶክሆልም እንግሊዝኛ መለማመድ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። መንግሥት ለስደተኞች በነጻ የሚሰጠው ኤስኤፍአይ የተባለው ትምህርትም የስዊድንኛ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስዊድናውያን የውጭ ፊልሞችን በድምፅ ትርጉም ሳይሆን ከግርጌ በሚነበብ ጽሑፍ እያዩ ስለሚያድጉ እንግሊዝኛ ይቀናቸዋል። እንግዳ ሰው በስዊድንኛ ሲደናቀፍ ሲያዩ፣ ማገዛቸው ነውና፣ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤቱን በተከለባት በሺስታ እንግሊዝኛ የብዙ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም፣ ትምህርቱ በስዊድንኛ የሚሰጥ ቢሆን እንኳ፣ በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ማለፊያ ውጤት ማምጣት ግድ ነው። ስለዚህ ከአገሩ ሲወጣ «እንግሊዝኛ እንኳ አውቃለሁ» ብሎ የተጽናና ሰው፣ እዚህ ሲደርስ ያ ዕውቀቱ በአንደበቱ ላይ እንደሌለ ይረዳል።

ይህ የሰነፍ ተማሪ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ተማሪው ፊዚክስንም ታሪክንም በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ፓሲቭ ቮይስን ከእንግሊዛዊ ይልቅ አሳምሮ ሊያብራራ ይችላል። የሚናገርበት ጊዜ ግን አያገኝም። ካናዳዊቷ የቋንቋ ምሁር ሜሪል ስዌን ለዚህ ዓይነቱ ክፍተት እ.ኤ.አ. በ1985 ማብራሪያ ሰጥታበታለች። በፈረንሳይኛ ለዓመታት የተማሩ የካናዳ ልጆች የሚሰሙትን በሚገባ እየተረዱ ንግግራቸው ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ስላገኘችው፣ መስማትና ማንበብ ብቻ እንደማይበቃ፣ ተማሪው ሐሳቡን ራሱ አፍ አውጥቶ እንዲናገር መገደድ እንዳለበት ደመደመች። የኢትዮጵያን የመማሪያ ክፍል የሚያውቅ ሰው ይህን ለመቀበል ማስረጃ አይቸገርም።

በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ተብሎ ያደገ ሰው ያልተመዘነ ቃል ከአፉ ማውጣት ይከብደዋል። ሐበሻ እንግሊዝኛን በእንግሊዛዊ ፊት ሳይሆን በሌላ ሐበሻ ፊት ለመናገር ነው ይበልጥ የሚያፍረው የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ አገሩ ሰው ስሕተቱን ያልፈዋል፤ የአገሩ ልጅ ግን ቀልድ አድርጎ ለሠርግ ቤት ያቆየዋል። ፕሮግራሙ የሚፈታው በቅድሚያ ይህንን ነው። አይስቅም፤ ለማንም አይነግርም ተብሎም ይታመናል (ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ በኋላ ይነሣል)፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይም አይተኛም። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ለሚመለስ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ሕፃን ታቅፋ ቤት ለዋለች እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ልምምድ «ከማሽን ጋር ማውራት» ብሎ የሚያጣጥል ሰው፣ ያለ ማሽኑ እነዚህ ሰዎች ከማን ጋር ያወሩ እንደነበር መጠየቅ ይኖርበታል።

ከማሽን ጋር ማውራት አዲስ ነገርም አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤምአይቲ ይፋ ያደረገው የመጀመሪያው ታዋቂ የውይይት ፕሮግራም ኤላይዛ ይባል ነበር። ስሙ የተወሰደው ከበርናርድ ሾው «ፒግማልዮን» ቴአትር፣ የጨዋ እንግሊዝኛ እንድትናገር ከምትሠለጥነው አበባ ሻጭ ነው። ኤላይዛ የተባለላትን ቃል ገልብጣ ከመጠየቅ ያለፈ ችሎታ አልነበራትም፤ ሆኖም ሰዎች ገመናቸውን ሲዘረግፉላት ፈጣሪዋ ራሱ ደነገጠ። የዛሬዎቹ ከእሷ እጅግ ይርቃሉ። ብዙዎቹ በሦስት ደረጃ ይሠራሉ፦ በመጀመሪያ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ትልቁ የቋንቋ ሞዴል ለዚያ ጽሑፍ የሚመጥን መልስ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻ መልሱ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ዱኦሊንጎ ጂፒቲ 4ን ተጠቅሞ ተማሪውን በምናባዊ ቡና ቤትና በአውሮፕላን ጣቢያ የሚያነጋግረውን አገልግሎት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ነበር።

ከሦስቱ ደረጃዎች የመጀመሪያው ለሐበሻ አንደበት አሳሳቢው ነው፤ ማሽኑ ሁሉን ሰው እኩል አይሰማምና። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን የድምፅ መለያ ሥርዓቶች ፈትኖ ነበር። ከመቶ ቃላት ውስጥ ሥርዓቶቹ ለነጭ ተናጋሪዎች በአማካይ 19፣ ለጥቁር ተናጋሪዎች ደግሞ 35 ያህሉን ተሳስተዋል። ተናጋሪዎቹ ሁሉ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት አሜሪካውያን እንደነበሩ ልብ ይሏል። ስቶክሆልም በሚገኘው ኬቲኤች በተሰኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊድንኛ ላይ የተደረገ ንጽጽርም ሥርዓቶቹ አፍ መፍቻቸው ያደረጉትን ከተማሪዎች ይልቅ አጥርተው እንደሚሰሙ አሳይቷል። እንግዲህ «አልገባኝም» የተባለ ተማሪ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የመሣሪያው በምን ያውቃል? ለይሉኝታ መድኃኒት ይሆናል የተባለው ነገር ሌላ ኀፍረት ጨምሮ እንዳይልከው ያሰጋል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማሽኑ ከሚገባው በላይ ሲረዳ። የቋንቋ ሞዴል የሚሠራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ስለሆነ የተሰበረን ዐረፍተ ነገር በሐሳቡ ጠግኖ ያልፋል። ተማሪው ጊዜውን አዛብቶ፣ ተውላጠ ስሙን ዘሎ ቢናገርም «በጣም ጥሩ ነው!» የሚል የሚያባብል መልስ ያገኛል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አያደርግም። ግንባሩን ይቋጥራል፤ «ምን ማለትህ ነው?» ይላል። አሜሪካዊው ምሁር ማይክል ሎንግ የቋንቋ ትምህርት ዋና መንገድ አድርጎ ያየው ይህንን መግባባት ያጡ ሁለት ሰዎች ትርጉም ፍለጋ የሚያደርጉትን መጎተት ነው። ተማሪው ያንን የተቋጠረ ግንባር ፈርቶ ወደ ስልኩ ሸሽቷል፤ የሚያስተምረው ግን እሱው ነበር።

በዚሁ በኬቲኤች የተሠራ አንድ ሙከራ ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ ያሳያል። ፉርሃት የተባለው ሮቦት የተወለደው እዚያ ነው። ፊቱ ከጀርባ በሚበራ ምስል ጭምብል ላይ ይሣላል፤ የመጀመሪያው ሞዴል የራሱን የኋላ ሽቦ ለመሸፈን የፀጉር ባርኔጣ አጥልቆ ስለነበር ስሙም ከዚያ የወጣ ነው። ፕሮፌሰር ኡሎቭ ኤንግቫልና ባልደረቦቹ ይህን ሮቦት የስፕሮክካፌ አስተናጋጅ አድርገው ሞከሩት። ስፕሮክካፌ ማለት ስደተኞች ከነዋሪዎች ጋር ቡና እየጠጡ ስዊድንኛ የሚለማመዱበት ስብሰባ ነው። ተመራማሪዎቹ የሰው አስተናጋጆችን ጠባይ አጥንተው ለሮቦቱ አራት ዓይነት አቀራረብ ሰጡት። አንደኛው ተማሪዎቹን በየተራ ይጠይቃል፤ ሌላው ስለ ራሱና ስለ ስዊድን ይተርካል፤ ሦስተኛው ሁለቱ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ይገፋፋል፤ አራተኛው በሦስቱ መካከል እኩል ጨዋታ ለመፍጠር ይሞክራል። 32 ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሮቦቱ ጋር ተነጋገሩ። የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ በእጅጉ ቢለያይም በአማካይ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው በየተራ የሚጠይቀው ሆነ።

ይህ ውጤት የሚለካው የወደዱትን እንጂ የተማሩትን እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። መጠየቅና መመለስ ምቹ ነው፤ ተራው ይታወቃል፤ ማንም አይቀድምም። የሰው ጨዋታ ግን ተራ አያከፋፍልም። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በአንዱ ንግግርና በሌላው መልስ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው የሰኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አድማጩ መልሱን ያሰናዳል ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስቦ የሚተረጉም ሰው እዚያ ጨዋታ ውስጥ ቦታ ሲፈልግ ወሬው አልፎት ይሄዳል። ይህንን የሚያለማምደው በትዕግሥት የሚጠብቅ ማሽን አይደለም። ከአራቱ ሮቦቶች ለስደተኛ የሚበጀው ሦስተኛው፣ ማለትም ሁለቱን ሰዎች አገናኝቶ ራሱ ወደ ኋላ የሚለው ነው። ገበያ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች ግን የሚከፈላቸው ተጠቃሚው ከእነሱ ጋር በቆየ ቁጥር ነውና እንዲህ ያለ ጠባይ ከእነሱ መጠበቅ ያስቸግራል።

ምስጢር ጠባቂነቱም መታየት አለበት። «ስለ ራስህ ንገረኝ» የሚል ልምምድ ለስደተኛ ተራ ልምምድ አይደለም። ከአገሩ እንዴት እንደወጣ፣ በየት እንዳለፈ፣ ማንን ትቶ እንደመጣ በእንግሊዝኛ ሲለማመድ ድምፁና ታሪኩ በኩባንያ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለነዋሪው መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ሆኖም ከመሰረዝ አለመናገር ይቀላል። ለልምምድ የፈጠራ ስምና የፈጠራ ታሪክ ይበቃል።

ሌላው ስጋት ከተማሪው ይልቅ በጀት የሚመድቡትን ይመለከታል። ማሽኑ ከመምህር ይረክሳል፤ ስለዚህ «ስልካችሁ ያስተምራችኋል» ማለት የሚያጓጓ ቁጠባ ነው። በሺስታ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተሸልሟል። እንዲህ ባለው ስፍራ ቁጭ ብሎ የማያውቁትን ሰው ማነጋገር በየትኛውም መተግበሪያ የሚተካ አይደለም፤ ጡረተኛዋ ስዊድናዊት ወይዘሮ የሰማችው ካልገባት ትጠይቃለች፣ ከገባት ደግሞ የራሷን ትጨምራለች።

ለጊዜው ስልኩን የያዘ ሰው ሊያደርገው የሚችለው አለ። ፕሮግራሙን «አታባብለኝ፤ ስሕተቴን አትለፍ፤ ግልጽ ካልሆነልህ አስቁመኝና አስደግመኝ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ይታዘዛልም። አንዱን ርእስ፣ ለምሳሌ የቀደመውን ሥራውን ማስረዳት፣ በስልኩ ሦስት ጊዜ ከተለማመደ በኋላ በዚያው ሳምንት ለአንድ ሰው፣ ለሥራ ባልደረባውም ይሁን ለጎረቤቱ፣ ሊናገረው ይገባል። ስዊድንኛ የሚማረው ደግሞ የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስፕሮክካፌ በየትኛው ቀን እንደሚካሄድ ይጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ሰውየው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርበት ደግሞ በስዊድንኛ «እባክዎ፣ በስዊድንኛ ልሞክር» የምትለውን ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ከስልኩ ጋር ቢያጠናት አይከፋም።