ድሃ ነንና ምርምር ይቅርብን?

«መጀመሪያ አልጋው ይሟላ፤ መጀመሪያ ኦክስጅኑ ይገኝ፤ መጀመሪያ ጓንቱና ክሩ ይምጣ፡፡ ምርምር የሀብታም አገር ነገር ነው፡፡» ስለ ቀዶ ሕክምና ምርምር በተነሣ ቁጥር ይህቺ መልስ ከኪስ ትወጣለች፡፡ ባለሥልጣኑም ይላታል፤ የሆስፒታል ኃላፊውም ይላታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረው ሰርጂንም ይላታል፡፡ ለሰርጂኑ እናዝንለታለን፤ መልሱን ግን አንቀበለውም፡፡ ሀብታም ቢያባክን ከተረፈው ነው፡፡ ድሃ ግን የማይጠቅም ነገር የገዛ ዕለት የሚጠቅመውን መግዣ ያጣል፡፡ ስለዚህ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ከማንም በፊት የድሃ ጉዳይ ነው፡፡

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፡፡ ነገ ሆዳችን ሊከፈት የሚችል ዜጎች ነን፤ ለመጠየቅ ይኼ ይበቃናል፡፡

እስቲ በማስረጃ እንነጋገር፡፡ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ታካሚን ከሚያሠቃዩት ነገሮች አንዱ የቁስል ማመርቀዝ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ቆዳው አልኮል ባለው ክሎርሄክሲዲን እንዲጸዳ መከረ፤ ትሪክሎሳን የተባለ ፀረ ጀርም የተቀባ የመስፊያ ክርንም እንደ አማራጭ አቀረበ፡፡ ሁለቱም ከለመድነው አዮዲንና ከተራው ክር ይወደዳሉ፡፡ ታዲያ ድሃው አገር ያለችውን አሟጦ ይግዛ? በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች «ቆይ፣ እኛው እንፈትነው» አሉ፡፡ በ54 ሆስፒታሎች 5,788 ታካሚዎችን በዕጣ ደልድለው ፈተኑት፡፡ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፡፡ ውዱ ከርካሹ እንደሚሻል አልታየም!

በዚህ አላበቁም፡፡ በእነዚሁ ሰባት አገሮች 81 ሆስፒታሎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፡፡ በአንደኛው ወገን ሆዱ ሊሰፋ ሲል ቡድኑ ጓንቱን እንዲቀይርና በንጹሕ መሣሪያ እንዲሰፋ ተደረገ፤ በሌላው ወገን ሥራው እንደ ወትሮው ቀጠለ፡፡ 13,301 ታካሚዎች ተካተቱ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት፣ ቁስላቸው የሚያመረቅዝ ታካሚዎች ከ18.9 በመቶ ወደ 16.0 በመቶ እንደሚወርዱ አሳየ፡፡ ከመቶ ሰው ወደ ሦስት ሰው ማለት ነው፡፡ ለዚህ አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ ከውጭ ባለሙያ አልመጣም፡፡ ጓንት ነው የተቀየረው፡፡

አሁን የሰባቱን አገሮች ስም መለስ ብላችሁ አንብቡት፡፡ ኢትዮጵያ የለችበትም፡፡

አንችልም እንዳይባል እንችላለን፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው፣ 25 የአፍሪካ አገሮችንና 11,422 ታካሚዎችን ባካተተው ጥናት ውስጥ የእኛም ሐኪሞች ነበሩበት፡፡ ያ ጥናት የአፍሪካ ታካሚ በዕድሜ ወጣት ሆኖ ሳለ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመሞት ዕድሉ ከዓለም አማካይ እጥፍ መሆኑን፣ አብዛኞቹም የሚሞቱት በቀዶ ሕክምናው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ መሆኑን ነግሮናል፡፡ በአገራችን አምስት ሆስፒታሎች የተሞከረው ክሊን ከት የተባለው ፕሮግራምም የቁስል ኢንፌክሽንን በሲሶ ያህል መቀነሱ ተዘግቧል፡፡ ይበል የሚያሰኝ ነው፡፡ ነገር ግን ያ ጥናት «በፊት» እና «በኋላ»ን ያነጻጸረ እንጂ በዕጣ የተደለደለ አልነበረም፡፡ ስለዚህ ከተደረጉት ብዙ ነገሮች ውስጥ የትኛው ሠራ ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፡፡

የቀረው ጉልበታችንስ የት ይሄዳል? ሬዚደንቶቻችን ለመመረቂያቸው ጥናት ይሠራሉ፡፡ አብዛኛው አንድ መልክ አለው፤ በአንድ ሆስፒታል፣ ያለፉት ጥቂት ዓመታት ካርድ ተገላብጦ፣ የበሽታው መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች፡፡ «መረጃቸው ያልተሟላ ካርዶች ከጥናቱ ወጥተዋል» የምትለው ዓረፍተ ነገርም አትቀርም፡፡ ከዚያ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ በቃ፡፡ ጥፋቱ የሬዚደንቱ አይደለም፤ ለብቻው፣ ያለ ገንዘብ፣ በተረኝነት መሃል ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

መልስ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን ሞልቷል፡፡ ትርፍ አንጀትን ውሰዱ፡፡ የፊንላንድ ሐኪሞች 530 ታካሚዎችን በዕጣ ደልድለው፣ ግማሾቹን ቀደው ግማሾቹን በአንቲባዮቲክ አከሙ፡፡ በአንቲባዮቲክ ከታከሙት ውስጥ በአምስት ዓመት ጊዜ በሽታው የተመለሰባቸው ከአሥር አራት ያህል ነበሩ፤ የቀሩት ሳይቀደዱ ቀሩ፡፡ ደስ ይላል! ግን ሁሉም በሲቲ ስካን ታይተው፣ ያልተወሳሰበ መሆኑ የተረጋገጠላቸው ነበሩ፡፡ ሲቲ ስካን በሌለበት ወረዳ፣ ሕመምተኛው ዘግይቶ በሚደርስበት ቦታ ይኼ ይሠራል? ሐኪሙ እጁን፣ ቴርሞሜትሩንና የነጭ ደም ሴል ቆጠራውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የአልቫራዶ ነጥብ ቢመራስ ስንቱን ይለያል፣ ስንቱን ይስታል? ይህን ሄልሲንኪ ሆኖ የሚመልስልን የለም፡፡

«ታዲያ በሰው ላይ ሙከራ ይደረግ?» የሚል ይኖራል፡፡ እንመልስለት፡፡ ዛሬ መጋዘን ውስጥ በተገኘው መድኃኒት፣ ነገ ሌላ በተገኘው የሚታከም ሰው እየተሞከረበት ነው፡፡ ልዩነቱ ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አልመዘገበውም፣ ማንም አልተማረበትም፡፡

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፡፡

አንደኛ፣ የሬዚደንቶች ጥናት ይጣመር፡፡ የሙያ ማኅበሩና ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ አንድ ሁለት ጥያቄ መርጠው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ መረጃ ይሰብስብ፡፡

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ከካርድ ክፍል ወጥቶ ወደ ታካሚው ይሂድ፡፡ ታካሚው ቤቱ ከገባም በኋላ እስከ 30 ቀን በስልክ ይጠየቅ፤ ቁስሉ የሚያመረቅዘው ቤቱ ሆኖም ነውና፡፡

ሦስተኛ፣ ሕክምና ከሕክምና የሚወዳደርበት ሙከራ ይጀመር፡፡ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይፍቀድ ወይም እምቢ ይበል፤ ሙከራው አስቀድሞ በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ይግባ፤ ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም ይታተም፡፡

አልጋውም ይምጣ፣ ኦክስጅኑም ይምጣ፤ ማን ጠላ? ግን የሚመጣው ሁሉ በገንዘባችን ነው የሚገዛው፡፡ እናንተ ውሳኔ ሰጪዎች፣ በሚቀጥለው ጨረታ ውዱን ክር ስትገዙ በምን ማስረጃ እንደገዛችሁት ንገሩን፡፡ እየጠበቅን ነው፡፡