የሰብል መድን፦ ካሣው የሚለካው በማሳው ነው ወይስ በሳተላይቱ?

ዓለም አቀፉ የመድን ሕግ ማኅበር የመድን ሽፋን አይሸጥም፤ ካሣ አይከፍልም፤ ሕግም አያወጣም። በፈረንሳይኛ ስያሜው ምኅጻር «አይዳ» ተብሎ የሚጠራው ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 በሉክሰምበርግ የተመሠረተ ሲኾን፣ የሕግ ምሁራንን፣ ጠበቆችን፣ ዳኞችን እና የመድን ባለሙያዎችን በየሀገሩ ባሉት ቅርንጫፎቹ አማካኝነት ያገናኛል። ዓለም አቀፍ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2014 በሮም፣ በ2018 በሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ በ2023 ደግሞ በሜልቦርን ተካሂዷል። ከጉባኤዎቹ ውጭ ባለው ጊዜ የጥናት ቡድኖቹ ስለ ተሽከርካሪ መድን፣ ስለ ጠለፋ መድን፣ ስለ ሸማቾች ጥበቃ እና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የየሀገሩን ሕግ እያነጻጸሩ ይመክራሉ።

ከሜልቦርን አዳራሽ እስከ አርሶ አደሩ ማሳ ያለው ርቀት ሩቅ ይመስላል። ኾኖም የአየር ንብረት ለውጥ በመድን ሕግ ላይ ካስነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የኢትዮጵያን ገጠር በቀጥታ የሚነካ ነው። ድርቅ ሰብልን ሲያጠፋ ካሣ የሚከፈለው በምን ማስረጃ ነው?

ጉዳትን አይቶ መክፈል

የከተማ ነዋሪዎች የሚያውቁት መድን ጉዳትን በማየት ላይ የቆመ ነው። ተሽከርካሪ ሲጋጭ የፖሊስ ሪፖርት ይቀርባል፤ ገማች ጉዳቱን ይመለከታል፤ ክፍያው በግምቱ መሠረት ይፈጸማል።

በገጠር ግን ይኸው አሠራር በወጪ ይሰናከላል። ግማሽ ሄክታር ጤፍ የዘሩ አርሶ አደር የሚከፍሉት አረቦን አነስተኛ ነው። ገማችን ከከተማ አጓጉዞ እያንዳንዱን ማሳ ማስጎብኘት ደግሞ ከአረቦኑ የሚበልጥ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት አነስተኛ ይዞታ ያላቸው አርሶ አደሮች ለረጅም ዘመን ከመድን ውጭ ኾነው ኖረዋል።

ቁጥርን አይቶ መክፈል

መፍትሔ ተብሎ የመጣው በአመላካች ላይ የተመሠረተ መድን ነው። በዚህ አሠራር ማሳውን የሚያይ ገማች አያስፈልግም። ሳተላይት ወይም የሜትሮሎጂ ጣቢያ የአካባቢውን የዝናብ መጠን ወይም የዕፅዋቱን ልምላሜ ይመዘግባል፤ ቁጥሩ በውሉ ከተወሰነው ልክ በታች ሲወርድ በዚያ አካባቢ መድን የገቡ ኹሉ ይከፈላቸዋል።

በኢትዮጵያ ከቀዳሚዎቹ ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ ክልል አዲ ሃ በተባለ ሥፍራ ለጤፍ አምራቾች ተጀመረ። በገንዘብ መክፈል ያልቻሉ አርሶ አደሮች አረቦናቸውን በጉልበት ሥራ እንዲሸፍኑ የሚያስችል አሠራርም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በቦረና የግጦሽን ኹኔታ በሳተላይት የሚከታተል የእንስሳት መድን ለአርብቶ አደሮች ቀረበ።

አሠራሩ ፈጣንና ርካሽ ቢኾንም ራሱን የቻለ እንከን አለው። ቁጥሩ የሚነግረው ስለ አካባቢው ነው፤ አርሶ አደሩ የሚያጡት ግን የራሳቸውን ማሳ ነው። ዝናብ በአንዱ ሸንተረር ጥሎ ማዶውን ሊያልፈው ይችላል። የዝናብን መጠን ብቻ የሚለካ ውል በረዶ፣ ዋግ ወይም አንበጣ ያጠፋውን ሰብል አይመለከትም። በመኾኑም ማሳቸው ባዶ የቀረ አርሶ አደር አረቦናቸውን በወቅቱ ከፍለውም ምንም ላያገኙ ይችላሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢታወጅም ስለ መድን የሚደነግገው የቀድሞው ሕግ ክፍል በሥራ ላይ እንደኾነ ቀጥሏል። የዚህ ሕግ አንቀጽ 678 የንብረት መድን ውል የካሣ ውል መኾኑን፣ ካሣውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ካለው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይገባ ይደነግጋል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሰው በደረሰበት ጉዳት እንዲካስ እንጂ በመድን እንዲያተርፍ አይፈለግም።

የአመላካች መድን ከዚህ መርሕ ጋር በኹለት በኩል ይጋጫል። በአንድ በኩል ጉዳት ለደረሰበት ላይከፍል ይችላል። በሌላ በኩል ማሳው ደኅና ምርት ለሰጠው ሊከፍል ይችላል። ጉዳት ሳይኖር የሚፈጸም ክፍያ ደግሞ በጥብቅ የሕግ ዕይታ ካሣ ከመባል ይልቅ ውርርድን ይመስላል። ክርክር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚመረምሩት ማሳውን ነው ወይስ የሳተላይቱን ቁጥር? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የመድን ሕጓን ስታሻሽል ለአመላካች መድን በሕጉ ውስጥ ሥፍራ ሰጥታለች። በኢትዮጵያ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ለአነስተኛ መድን በር ከፍቷል፤ ቁጥጥሩም የብሔራዊ ባንክ ነው። ይኹን እንጂ ከስድሳ ዓመት በፊት የተጻፈው የካሣ መርሕ ከሳተላይት ዘመን ውል ጋር እንዴት እንደሚታረቅ በሕግ ደረጃ በግልጽ ሊደነገግ ይገባል።

ከመፈረም በፊት

እስከዚያው ድረስ የአርሶ አደሩ ዋነኛ ጥበቃ ውሉ ነው። የሚለካው ዝናብ ነው ወይስ ልምላሜ? መረጃው የሚወሰደው ከየት ነው? የሚቆጠረው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ነው? ክፍያ የሚጀምረው ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ነው? ቁጥሩና ማሳው ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ቅሬታ የሚሰማው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቋንቋቸው የተጻፈ መልስ ያላገኙ አርሶ አደር የገዙት ምን እንደኾነ ሊያውቁ አይችሉም።

ኃላፊነቱ ግን የአርሶ አደሩ ብቻ ሊኾን አይገባም። መድን ሰጪዎች ካሣ የማይከፈልባቸውን ኹኔታዎች በሽያጩ ዕለት በግልጽ መናገር አለባቸው። የግብርና ባለሙያዎችም ውሉን ከማስተዋወቅ አልፈው ጉድለቱን ጭምር ሊያስረዱ ይገባል። በቀበሌ ደረጃ ማሳዎችን በናሙና አይቶ ቁጥሩን የሚያመሳክር አሠራር ቢኖር ደግሞ ብዙ ቅሬታ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይፈታል።

የዓለም አቀፉ ማኅበር ምክክር ጠቀሜታም እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ሀገራት ይህን ግጭት በሕግ የፈቱበትን መንገድ የኢትዮጵያ ሕግ አውጪዎችና የሕግ ምሁራን ሊመረምሩት ይችላሉ። በድርቅ ዓመት ካሣ ተከልክለው የቀሩ አርሶ አደር በቀጣዩ ክረምት አረቦን ለመክፈል ይቸገራሉ፤ ቢችሉም አይፈቅዱም። የሕጉ ግልጽነት የሚያስፈልገውም ያ እምነት ሳይጠፋ በፊት ነው።