ደም የማያፈስ ጠላት



ኔትሃክ የሚባል የቆየ የኮምፒውተር ጌም አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን ዛሬም ይጫወቱታል። ተጫዋቹ ጥሩር ለብሶና ሰይፍ ታጥቆ ከምድር በታች ወዳለ ዋሻ ይወርዳል፤ በየደረጃው ጭራቆች ይጠብቁታል። ብዙዎቹ ይነክሳሉ፣ ያቆስላሉ። አንዱ ግን የዝገት ጭራቅ ነው። ሲነካ ቁስል አያደርስም፤ የሚፈልገው ብረቱን ነው። ጥሩሩ መጀመሪያ ይዝጋል፣ ቀጥሎ በጣም ይዝጋል፣ በመጨረሻም ፈጽሞ ይዝጋል። ተጫዋቹ ሙሉ ጤነኛ ነው። ጉዳቱ የሚታወቀው ሌላ ጭራቅ መጥቶ ሲነክሰው ነው።

እኛ አማኞች ጠላት ሲባል የሚታየን ጴጥሮስ ያስጠነቀቀን የሚያገሳው አንበሳ ነው። በሽታ ወይም ስደት ሲመጣ እንጾማለን፣ የጸሎት ወገኖችን እንጠራለን፤ ቁስል ያማልና። ዝገት ግን አያምም። መጀመሪያ የግል ጸሎታችንን እናስታጉላለን፣ ልባችንም ይወቅሰናል። ቀጥሎ እናስታጉላለን፣ ልባችንም ዝም ይላል። በመጨረሻ በጉባኤ ፊት አሳምረን እየጸለይን በጓዳችን አንድ ቃል አይወጣንም። ይህን ሁሉ ማንም አያይም፤ ደም አልፈሰሰማ!

የእግዚአብሔር ዕቃ ጦር ይዝጋል ወይ? የሚል ይኖራል። አይዝግም። በኤፌሶን 6 የተዘረዘሩት ጽድቅ፣ እምነት፣ መዳን የእርሱ ስጦታዎች ናቸው። የሚዝገው እኛ ቀጥቅጠን የለበስነው ነው፦ የአገልግሎት ዘመናችን፣ መልካም ስማችን፣ ከ20 ዓመት በፊት የሰጠነው ምስክርነት። በእነዚህ ተሸፍነን የእርሱን ሳንለብስ እንውላለን። ጌታ በማቴዎስ 6 ዝገት በማያገኘው ስፍራ መዝገብ እንድንሰበስብ ያዘዘን በከንቱ አይደለም።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ይህን ጭራቅ ከሩቅ ሲያዩ ብረታቸውን ያወልቃሉ፤ ቆዳ ያለው ቆዳውን ይለብሳል፣ ቆዳ አይዝግምና። ነገር ግን ማውለቅ ጊዜ ይወስዳል። ጭራቁ አጠገብ ከደረሰ በኋላ የሚጀምር ሰው እያወለቀ ሳለ ብረቱ ይበላበታል። ዳዊትም የሳኦልን ጥሩር ያወለቀው ወደ ጎልያድ ከመውጣቱ በፊት ነው። ደግሞም ባዶውን አልወጣም፤ በሠራዊት ጌታ ስም ወጣ። ማውለቅ ብቻውን አያድንም፤ የማይዝገውን መልበስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ጥያቄያችን መለወጥ አለበት እንላለን። አንድ ወንድም ከጉባኤ ሲቀር «ምን ሆነ?» እንላለን፤ ይህ መልካም ነው። ሳይቀር የሚመጣውንስ ማን ይጠይቀዋል? ዘማሪዋን፣ ሽማግሌውን፣ መጋቢውንም ጭምር «ብቻህን ስትሆን ከጌታ ጋር እንዴት ነህ?» ብሎ በፍቅር የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የወደቀን ከማንሣት በፊት የሚዝገውን ማየት ይቀላል።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም፣ መልካም ሥራችሁን እንደ ጥሩር አትመኩበት። ሰው የሠራው ብረት ሁሉ አንድ ቀን ይዝጋል። የክርስቶስ ጽድቅ ግን ለሚያምን ሁሉ በነጻ የተሰጠ ነው።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን አንድ ጥያቄ በጌታ ፊት እናቅርብ፦ ሳንቆስል ያጣነው ምንድን ነው? እርሱ ያሳየናል፤ ያለብሰንማል።