አበል ሳንጠይቅ ወደ ማጎ እንውረድ

ወገን፣ ይህን ጽሑፍ ሼር ከማድረግህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ማጎ ፓርክን ረግጠህ ታውቃለህ?

የጂንካ ልጅ ነህ። አንቺም የገዘር ልጅ ነሽ። ላንድክሩዘሩ ፈረንጅ ጭኖ ቁልቁል ሲወርድ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። እሱ ጎሹን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል፣ እኛ ደግሞ እሱ የለጠፈውን ፎቶ ላይክ እናደርጋለን። በገዛ አገራችን! ያማል እኮ።

ለመሆኑ ደጃችን ያለው ምንድን ነው? ከኦሞ ወንዝ ወዲህ ማጎ አለ፤ ስፋቱ 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እዚያው ኪቢሽ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ከ230 ሺህ ዓመት በላይ ሊሆነው እንደሚችል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ አድርገዋል። በዓለም ላይ ከታወቁት የእኛ ዓይነት ሰዎች ቅሪቶች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብለን የምንፎክረው ሌላ ቦታ ይዘን አይደለም። ይህንን ነው!

ፉከራው ግን ፓርክ አይጠብቅም። ፓርክ የሚጠበቀው የኔ ነው የሚለው ሰው ሲኖረው ነው። ልጅ ሆኖ ያላየውን ጫካ፣ አድጎ ሲመነጠር ማን ይቆጨዋል? ታዳኙ እንስሳ፣ የተቃጠለው ሳር፣ መንገድ ዳር የተከመረው ፕላስቲክ ለማያውቀው ሰው ዜና ነው። ለሚያውቀው ግን የቤት ጉዳት ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «አበል አለው?» ነው። ካለ እንሞላለን፣ ከሌለ ሥራ ይበዛብናል። አባቶቻችን እኮ ደቦ ሲጠሩ ፊርማ አላስፈረሙም! የጎረቤት እህል ሳይበላሽ መሰብሰብ አለበት፣ አለቀ።

ደግሞ ይቻላል። ጉዞ አድዋን እናስታውስ። በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ በእግራቸው ተጓዙ። ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው! ዛሬ ግን ጉዞው ስም አለው፣ ተከታይ አለው፣ በየከተማው የሚቀበለው ሕዝብ አለው። ከጂንካ ማጎማ ቅርብ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ በዓመት ሦስት ቀን፣ በራሳችን ጉልበት።

አንደኛው በታኅሳስ፣ በዲሽታ ጊና ሰሞን። ታሪኩ ጋንካሲ ሲያቀነቅን አገር ሙሉ ጨፍሯል። በዓሉ የአሪ ሕዝብ የዘመን መለወጫ መሆኑን ግን ስንቱ ጨፋሪ ያውቃል? ሽማግሌዎች ይናገሩ፣ ተማሪዎች ይስሙ።

ሁለተኛው የካቲት 24። በዋዜማው 23 አድዋን እናከብራለን፤ ማግስቱ የዓለም የዱር እንስሳት ቀን ነው። አባቶች መሬቱን አቆይተውልናል፣ በማግስቱ እኛ ላዩ ላይ ያለውን እንጠብቅ። የዚያን ቀን ወደ ማጎ ወርደን መንገዱን እናጽዳ፣ ተማሪዎችን እናስጎብኝ።

ሦስተኛው ግንቦት 10፣ የዓለም ሙዚየም ቀን። እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ጂንካን ቁልቁል እያየ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብሏል። ወደ ፓርኩ መሄድ ያልቻለ ሕፃን እዚያ ይምጣ።

ሥርዓት ግን ይኑረን። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀድመን እናሳውቅ፤ ጎሽ ያለበት ጫካ ነውና ያለ ስካውት ማንም አይግባ። ለመኪና የተዋጣው ብር በዚያው ቀን ማታ እስከ ሳንቲሙ ለሁሉም ይነገር። የወሰድነውን ላስቲክ ይዘን እንመለስ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር። ሙርሲው፣ ሐመሩ፣ ካሮው፣ ኩዌጉው የፎቶ ጌጥ አይደለም። ያንን መሬት ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያለ እሱ የሚደረግ ዝግጅት ሽርሽር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከደጋው የወጣውና ከቆላው የመጣው ወጣት አንድ ጆንያ በሁለት ጫፍ ይዘው ቆሻሻ ሲለቅሙ ስማቸውን ይለዋወጣሉ። ነገ አንድ ክፉ ወሬ ሲነሳ ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይኖረዋል። ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው የሚጀምረው።

የጂንካ፣ የገዘር፣ የገሊላ፣ የዲመካ፣ የቱርሚ ልጆች! «ኢትዮጵያዬ» ማለት ጥሩ ነው። ግን አገር ቦታም ነው፤ ይጠረጋል፣ ይጠበቃል፣ በእግር ይረገጣል። ኮሜንት ላይ «እኔ አለሁ» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ና።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!