ታንኳና ነጎድጓድ

ከዘጌ ልሳነ ምድር እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው፣ መካከል ላይ ሲደርስ ከእርሱ የሚበልጥ ከፍታ ያለው ነገር በአካባቢው አያገኝም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሜዳማ ውሃ ነው፤ የደንገል ታንኳም ከውሃው ብዙ ከፍ አይልም። መብረቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው ከፍ ብሎ የሚታየውን ይመታል። ሰውየውን በቀጥታ ባይመታው እንኳ፣ በአጠገቡ ያለውን ውሃ ቢመታ ኃይሉ በውሃው ገጽ ላይ ተሰራጭቶ ሊደርስበት ይችላል።

«ዝናቡ ሲጀምር ወደ ዳር እንወጣለን» የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የከፋ ስሌት የለም። መብረቅ ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፀሐይ በሚታይበት ስፍራ እንኳ ሊወርድ ይችላል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ የቈጠረ ሰው ደመናው 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቀው ያውቃል። ይህ ርቀት የሚያጽናና ይመስላል፤ ነገር ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ደመና በ20 ደቂቃ ይደርስበታል። በእግረኛ ፍጥነት የሚሄድ ታንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይጓዝም። ስለዚህ ውሳኔው መደረግ ያለበት ገና ከዳር ሳይነሡ ነው።

«ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር ታንኳ ከታሰረ የቀዛፊው ቤተሰብ ክረምቱን ምን ይበላል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እንጨቱ ካልተሸጠ እራት የለምና። ሆኖም ክረምቱን ሙሉ ሥራ ይፈታ የሚል ሰው የለም። ሰማዩን አይቶ በማለዳ መነሣት፣ መንገዱ ቢረዝምም የዳሩን መስመር ተከትሎ መቅዘፍ፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ምድር መውጣት ይቻላል። ከወጡ በኋላ ብቻውን በቆመ ዋርካ ሥር መጠለል ግን ከአደጋ ወደ አደጋ መሸጋገር ነው፤ የሚሻለው በደንብ የተሠራ ቤት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቈየት ያስፈልጋል።

ይህን ግማሽ ሰዓት ቀዛፊው ብቻ ሊከፍለው አይገባም። ጭነቱ ዘገየ ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴም በሐምሌና በነሐሴ ከሂሳቡ ውስጥ ያስገባው።